ከባሕር ዳር ካሴት ቤት የተነሳ ዜማ

ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ቤታችን ዘፋኝ የሌላት አንዲት ካሴት ነበረች። እናቴ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚዘፍነው?» እያለች ትጠይቅ ነበር። መልስ አልነበረኝም። በኋላ እኔው ራሴ የሬዲዮ ድራማ ቀዳሁባት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካሴቷ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የተቀረጸች። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይህችኑ ሥራ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎና ተዋውሎ በ2013 እንደገና አሳተማት። ዓለም ኃይሉን «አገኘ» የተባለው ያኔ ነው። እኛ አልጠፉብንም ነበር ለማለት ግን አልደፍርም።

አቶ ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ። ልጅ ሆነው ወደ ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገቡ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው ዋልያስ ባንድ ኪቦርድ መጫወት ጀመሩ። ባንዱ በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ፤ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት ናቸው። ለዓመታት ታክሲ ነዱ፤ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ እያወጡ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር።

አንባቢ «ታዲያ ምን ተመለሰ?» ይል ይሆናል። የተመለሰው ዜማው ነው። በእኛ ሙዚቃ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። በአምስት ድምፅ ሰውን የሚይዘው የድምፁ ብዛት ሳይሆን ዘፋኙ በጉሮሮው የሚያጥፈው፣ የሚያዘገየው፣ የሚያርገበግበው ነው። ግጥም በሌለበት ይህን ሁሉ መሣሪያው መሥራት አለበት። አኮርዲዮን ይችላል፤ ወናፉ ሲሳብና ሲገፋ ይተነፍሳልና። የ1980ዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ግን አይተነፍስም። አንድ ሰው ባንድ ሆኖ ሠርግ እንዲያደምቅ አስቻለ፤ ርካሽም ነው። በምትኩ የብዙ ሰው ጨዋታ ቀረ።

በ2018 የወጣው «ላላ በሉ» ላይ ኃይሉ ከሕያው ከበሮና ከቤዝ ጋር ሆነው ያንን የቀድሞ መተንፈስ መልሰውታል። በ«ትዝታ» ይጀምራል፤ መጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ፒያኖ ብቻ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው አይቸኩልም። እንደኔ እንደኔ፣ በ2020 ከወጣው «የኔ ምርጫ» ይልቅ ይህኛው ይበልጣል። ማታ ላይ ጣና ዳር ተቀምጦ ለሰማው ሌላ ነው፤ ይህ እንኳ የኔ ድክመት ይሁን።

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የተጫዋቹ መብት ግን 50 ዓመት ብቻ ነው። ዋልያስ «ቼ በለው»ን ያሳተመው በ1977 ነው፤ ሒሳቡ ወደ 2027 ያደርሰናል። ያለ ግጥም የሚጫወት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገቢው በዚሁ በተጫዋችነቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኃይሉ በሕይወት ስለተገኙ ውል ተፈራረሙ። ስንቱ ሳክስፎን ነፊ፣ ስንቱ ከበሮ መቺ ነው ስሙ ከካሴት ሽፋን ጋር አብሮ የተጣለው?

በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የዚያ ዘመን ካሴት ያላችሁ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፉትን ስሞች እባካችሁ ወረቀት ላይ ገልብጧቸው። ድራማ አትቅዱባቸው።