ተጨማሪ መረጃ፦ ከጤና ኬላ እስከ ሙያ ፈቃድ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች ደጋው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ ግን ለወባ የተጋለጠ በመሆኑ፣ በሽታን ከመታከም ይልቅ አስቀድሞ መከላከልን የሚያስቀድመው የኅብረተሰብ ጤና ሙያ ለአካባቢው እጅግ አስፈላጊ ነው። ለሕዝቡ ቅርብ የሆነችው ባለሙያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ተደረገ። እርሷ በጤና ኬላው የእያንዳንዱን ቤት የጤና መረጃ በቤተሰብ ማኅደር ታኖራለች፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣም ከጣቱ ጫፍ ጠብታ ደም ወስዳ በፈጣን መመርመሪያ ወባን ትለያለች። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ሕይወት ያድናል።

በዲግሪ ደረጃ የሚሠለጥነው ጤና መኮንን፣ ማለትም ሕክምናን ከኅብረተሰብ ጤና ሥራ ጋር አጣምሮ የሚማር ባለሙያ፣ መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ይሁን እንጂ መመረቅ ብቻውን ለሥራ አያበቃም፤ የመካከለኛ ደረጃ ሠልጣኞች የሙያ ብቃት ምዘና (በተለምዶ ሲኦሲ)፣ የዲግሪ ምሩቃን ደግሞ በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የብቃት ምዘና ፈተና ካለፉ በኋላ ተመዝግበው የሙያ ፈቃድ ያወጣሉ። ፈቃዱም የሚታደሰው ባለሙያው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ፣ ማለትም በሥራ ላይ እያለ ዕውቀቱን የሚያድስበትን ሥልጠና፣ መውሰዱን በማስረጃ ሲያረጋግጥ ነው።