«የየት አገር ሰው ነህ?»

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ኮንግረስ ላይ የሚሠሩትን ሎቢ ለጎጃሟ ጅጋ ሰው ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። እድር ያለበት አገር ነው። መዋጮ፣ መዝገብ፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ለቀረ ሰው መቀጮ፤ ዋሽንግተን ያለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ያዋጣሉ፣ የሚናገርላቸው ይመርጣሉ፣ እንደራሴያቸው ቢሮ ሄደው ጉዳያቸውን ያስረዳሉ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ አቤት ማለትን መብት አድርጎታል። መሠረቱ ይኸው ነው።

የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ መኪና ውስጥ ይህ ወሬ ከተነሣ፣ አንዱ ተሳፋሪ «እሱማ ደጅ ጥናት ነው» ማለቱ አይቀርም። ሌላው «የሠለጠነ ጉቦ» ይለዋል። ጉቦውን ቶሎ ልለፈው፤ ድምፅ በገንዘብ መግዛት እዚያም ያሳስራል፣ ያም ሆኖ የገንዘብ ጉልበት የለም የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም። ደጅ ጥናት የሚለው ግን ያናድደኛል።

ደጅ ጠኚ ከትዕግሥቱ በቀር በእጁ ምንም የለውም። ይህን ከዳሞት ሰው በላይ ማን ያውቃል? በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ፣ የጎጃም ገበሬ መጀመሪያ ያነሣው ጠመንጃ አልነበረም። ወኪሎቹን አዲስ አበባ ልኮ አቤት አለ። ሰሚ አጣ። ዳሞትና ሞጣ ሸፈቱ፤ ከዚያ በኋላ ነው ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው ወደ ከፋ የተዛወሩት፣ ውዝፉም ግብር የተማረው። ጃንሆይ የዳሞት ገበሬ ስለ ከፋው ዙፋናቸውን በምርጫ አያጡም ነበር። የኮንግረስ እንደራሴ ግን ያጣል። የታችኛው ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች በሙሉ በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጦ የቀጣዩን ምርጫ ሲያስብ ነው የሚያድረው።

ስለዚህ የእንደራሴው ቢሮ ስልክ ያነሣ ወጣት ጸሐፊ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው የደዋዩን አድራሻ ነው። ልክ እኛ አገር እንግዳ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ «የየት አገር ሰው ነህ?» እንደሚባለው። የዚያ ወረዳ ነዋሪ ከሆነ ስሙና ጉዳዩ ይመዘገባል፤ ካልሆነ በትሕትና ይሸኛል።

ኤችአር 128 የተባለው ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የወጣ የውሳኔ ሐሳብ የዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ናቸው። ቀደም ሲል መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በታችኛው ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ የቀረውን ሌላ ስለ ኢትዮጵያ የወጣ ረቂቅ ሕግ፣ ኤችአር 2003ን፣ ያቀረቡት ዶናልድ ፔይንም የኒው ጀርሲ ሰው ነበሩ። ለኤችአር 128 አጥብቀው ከተሟገቱት አንዱ ግን ማይክ ኮፍማን ናቸው፤ ያኔ የኮሎራዶ እንደራሴ ነበሩ። ኮሎራዶን ከኢትዮጵያ ምን አገናኘው? ኦሮራ የምትባል ከተማ፤ ያኔ በኮፍማን ወረዳ ውስጥ ነበረች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባታል። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በወር 150 ሺህ ዶላር የሚከፈለው የሎቢ ድርጅት ቀጥሮ ነበር። በሌላው ወገን የቆሙት ታክሲ ነጂዎች፣ ነርሶች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማኅበርተኞች ነበሩ። ውሳኔው ከዓመት በላይ ሲጓተት ቆይቶ ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን በያዙ በሳምንቱ ግድም፣ ጸደቀ። አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ የምክር ቤቱን አቋም ብቻ ይናገራል። ኮፍማንም ሰባት ወር ሳይሞላ በምርጫ ተሸነፉ። ሥራው ይህን ያህል ተሰባሪ ነው።

እዚህ ላይ ቁጣ ቢጤ አለችኝ። አንድ ደብዳቤ ጽፎ ለ435ቱም የሚበትን ሰው አለ። 434ቱ ቢሮዎች የእነሱ ነዋሪ ስላልሆነ ይጥሉታል፤ የራሱ እንደራሴ ደግሞ ከሌላው ጋር ቃል በቃል አንድ መሆኑን አይቶ ያልፈዋል። በራሱ አነጋገር አራት መስመር ጽፎ «እዚህ ሠፈር እኖራለሁ፣ ልጆቼ እዚህ ይማራሉ» ቢል ይሻለው ነበር። አሥር ሺህ ፊርማ ተሰበሰበ ብሎ የሚፎክረውም እንዲሁ ነው። ፊርማው ከየወረዳው ካልተለየ፣ ያልተበጠረ ጤፍ ነው።

መዋጮውም ሥርዓት አለው። ለእጩ የምርጫ ዘመቻ መስጠት የሚችሉት ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ብቻ ናቸው። ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ይወጣል። የበጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ በመጠኑ ሎቢ ቢፈቀድለትም «እከሌን ምረጡ» ማለት አይችልም። ይህን የማያውቅ ኮሚቴ የድርቅ እርዳታ ብሎ የሰበሰበውን ለእጩ ሊያውል ሲያስብ ሰምቼ ደንግጫለሁ። የመዝገቡ ክፍትነት ግን ደስ ይለኛል። እኛም ቤተ ክርስቲያን ስናሠራ ስምና ብር ሲጠራ እልል የምንለው እኮ ለዚሁ ነው።

የእኅቴ ልጅ ኦሮራ ይኖራል። አንድ ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ አንተም ፈርም» አለኝ።

«ጅጋ ተቀምጬ? የኔን ፊርማ ማን ይቆጥረዋል? ይልቅ አንተ ለመራጭነት ተመዝግበሃል?»

ዝም አለ። ዜግነት ካገኘ ስድስት ዓመቱ ነው። መዝገብ ላይ ለሌለ ሰው የእድር ድንኳን እንደማይተከል እናቱን ሲያስረዳ የኖረ ልጅ! በስልክ የምችለውን ያህል ተቆጣሁት።

በወሩ ደወለ። «ተመዘገብሁ፣ ጋሼ።»

«እሰየው። የእናትህ እድር መዋጮስ? ሦስት ወር አልፎታል።»

ኔትዎርኩ ተበላሽቷል ብሎ ዘጋው።