የአየር መንገዶች ሽርክና ለማን ይጠቅማል?

አራዳ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በነበረበት ዘመን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ለመሸጥና ለመግዛት ይሰበሰብ የነበረው ሕዝብ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ይኸውም ከሸቀጡ ይልቅ መደቡ እንደሚከብድ ነው። መደብ የሚሰጥ፣ ቀረጥ የሚቆርጥ፣ ማን በየት በኩል እንደሚቀመጥ የሚወስን እርሱ የገበያው ጌታ ነው። ፋሽስት ኢጣልያም አገራችንን በወረረ ጊዜ ይህንኑ ገበያ አንሥቶ የአገሬውን ነጋዴ ወደ ዛሬው መርካቶ ገፋው፤ አራዳንም ለነጮች መገበያያ ለይቶ ፒያሳ አደረገው። ወራሪው በአምስት ዓመት ሲባረር ስሙ ቀረ።

ከዚያም በፊት ቢሆን መደብን በጠመንጃ ሳይሆን በወረቀት የወሰደ ነበር። በ1897 ዓ.ም. በተፈረመ ውል የአቢሲንያ ባንክን የማቋቋም መብት ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ ለ50 ዓመት ተሰጠ። የግብፅ ይባል እንጂ ባንኩ በእንግሊዝ ካፒታል ቁጥጥር ሥር የነበረ ነው። በውሉ ዘመን ሌላ ባንክ እንዳይከፈት ተከለከለ፤ የገንዘብ ወረቀት የማውጣትም መብት የእርሱ ብቻ ሆነ። አገሪቱ ከዚህ የብቸኝነት ውል ለመላቀቅ በ1923 ዓ.ም. ከፍላ መግዛትና በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን ማቋቋም ግድ ሆነባት። የራስን ገበያ መልሶ ለመግዛት መክፈል ምን ማለት እንደሆነ የአራዳ ታሪክ አስቀድሞ አሳይቶናል።

ይህን ማንሣታችን ለትዝታ ያህል አይደለም። ዛሬ የዓለም አየር መንገዶች የሚሻሙበት የበረራ መስመር፣ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ለመረመረው፣ የዚያው መደብ ሌላ መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ በተደረሰው ስምምነት እያንዳንዱ አገር ከምድሩ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሉዓላዊነት እንዳለው ጸና። ስለዚህ ሰማዩ ክፍት መስሎ ቢታይም አጥር አለው። በሳምንት ስንት በረራ፣ ወደ የትኛው ከተማ፣ በማን አውሮፕላን የሚለው ሁሉ በመንግሥታት ድርድር ይወሰናል። መብቱ የሚሰጠው በዜጎች ባለቤትነት ሥር ላለ ድርጅት በመሆኑም፣ የባዕድ ካፒታል ድርጅቱን ከግማሽ በላይ ቢገዛው መስመሩ አብሮ ይናጋል። አሜሪካ ለውጭ ባለሀብት ከ25 በመቶ የበለጠ ድምፅ አትፈቅድም፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ49 በመቶ በላይ አይፈቅድም።

ካፒታል ግን በር ሲዘጋበት መስኮት አያጣም። መግዛት ያልተቻለውን በሽርክና ማስተሳሰር ተቻለ። ስታር አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ዋን ዎርልድ በ1999፣ ስካይ ቲም በ2000 ተመሠረቱ። አጥሩ በሚፈቅድበት ክልል ውስጥ ደግሞ ትልቁ ትንሹን መዋጡ ቀጠለ። ኤር ፍራንስና ኬ ኤል ኤም በ2004 ተዋሐዱ፤ ሉፍታንዛ የስዊስንና የኦስትሪያን አየር መንገዶች ጠቀለለ፤ በ2025 መጀመሪያም ከኢጣልያው ኢታ 41 በመቶውን ያዘ። በአሜሪካ ከ2008 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ውስጥ ዴልታ ኖርዝዌስትን፣ ዩናይትድ ኮንቲኔንታልን፣ አሜሪካን ዩ ኤስ ኤርዌይስን ቀላቀሉ። ነፃ ውድድር እየተባለ የሚዘመርለት ሥርዓት በተፈጥሮው ወደ ጥቂቶች ጌትነት እንደሚያመራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ታዲያ የእኛው አየር መንገድ እንዴት ሳይዋጥ ቀረ? መልሱ ያለው በአመሠራረቱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ አስተዳዳሪው ግን የአሜሪካው ትራንስ ወርልድ አየር መንገድ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያው በረራ ሲደረግ አብራሪነቱም፣ ጥገናውም፣ ሥራ አስኪያጅነቱም በባዕዳን እጅ ነበር። በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ታሪኩ ከአቢሲንያ ባንክ ታሪክ ባልተለየ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1953 በታደሰው ውል ውስጥ የመጨረሻው ዓላማ ድርጅቱን ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን ማሠራት መሆኑ በጽሑፍ ሰፈረ። ውል በራሱ ወረቀት ነው፤ ይህን ወረቀት ሥጋ ያለበሰው ሥልጠናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አውሮፕላን በአዛዥነት አበረሩ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። አብራሪው በአገር ቤት ትምህርት ቤት ሲሠለጥን፣ ሞተሩ በአገር ልጅ እጅ ሲፈታና ሲገጠም፣ ባለሽርኩ ቢሄድም ሥራው እንደማይቆም ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በእነዚህ መሰል ዓምዶች ላይ ምሥራቅና ምዕራብ በየቀኑ ይወቀሱና ይወደሱ በነበረበት ዘመን፣ ሶሻሊስት ነኝ ይል የነበረው መንግሥት በ1976 ዓ.ም. ለአየር መንገዱ የተረከበው ቦይንግ 767 ነበር፤ ያውም ከአሜሪካ ካፒታሊስት ፋብሪካ። የርዕዮተ ዓለሙ ጩኸት ከቦሌ አጥር ውጭ እንዲቀር መደረጉ፣ ያ መንግሥት ካደረጋቸው ጥቂት ብልህ ነገሮች አንዱ ነው ብንል አልተጋነነም። የፒያሳ ልጅ ይህን «አራዳነት» ይለዋል።

መምህሩስ ወዴት ደረሰ? ትራንስ ወርልድ ለኪሳራ ተዳርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካን አየር መንገድ ተጠቅልሎ ስሙ ጠፋ። ፓን አም ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ጠፍቷል፤ የቤልጂጉ ሳቤናም በዚያው በ2001 ከሰረ። በአፍሪካ ምድርም ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ በአንድነት ይዘውት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ በ1977 ፈረሰ፤ አሥራ አንድ አገሮች በ1961 ከፈረንሳይ ባለድርሻዎች ጋር የመሠረቱት ኤር አፍሪክም በ2002 ከሰማይ ወረደ። ከእነዚህ ጥምረቶች መፍረስ ተነሥተን ጥምረት ክፉ ነው ወደ ማለት ብናዘነብል ግን እንሳሳታለን። ባለቤቶቹ ሲጣሉ ቤቱን የሚያቆም የራሱ ምሰሶ ያልነበረው ድርጅት ነው የፈረሰው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ስታር አሊያንስ የገባው የራሱን ምሰሶ ተክሎ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ነው። ጥቅሙን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። አንድ የፒያሳ ወርቅ ሠሪ በሚኒያፖሊስ የሚኖር ልጁን ሊጠይቅ ተነሣ እንበል። በአንድ ትኬት እስከ ዋሽንግተን በራሱ አገር አውሮፕላን ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የጥምረቱ አባል የሆነው ዩናይትድ ያደርሰዋል፤ ሻንጣውም በመንገድ ላይ ባለቤት አይለውጥም። አየር መንገዱ አንድም አውሮፕላን ሳይጨምር በአሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞችን አገኘ ማለት ነው። በዚያው ልክ ከአሜሪካ ለሚነሣው መንገደኛ የአፍሪካ በር ቦሌ ሆነ።

ሆኖም ሽርክናው ፍቅር አይደለም። የቱርክ አየር መንገድ የዚያው ጥምረት አባል ነው፤ በአፍሪካ ከተሞች ግን ከእኛ ጋር መንገደኛ የሚሻማ ዋነኛ ተፎካካሪ እርሱ ነው። ሉፍታንዛም ባልደረባችን ሆኖ ሳለ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ይበራል። ከጥምረቶቹ ሁሉ ውጭ የቆመው የዱባዩ ኤምሬትስም ከማንም አላነሰም። ስለዚህ አባልነቱን እንደ መድኅን የሚቆጥሩ ወገኖች ካሉ ነገሩን ደግመው ሊያዩት ይገባል።

ከዚህ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ጥያቄ ነው። ትናንት ተለማማጅ የነበረው ድርጅት ዛሬ በተራው የሌሎች መሪ ሆኗል። በሎሜ የሚገኘው አስካይ በ2002 ዓ.ም. መብረር ሲጀምር ስትራቴጂያዊ አጋሩ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። ከዚያ በኋላ በማላዊ 49 በመቶ፣ በቻድ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ 45 በመቶ ድርሻ ተያዘ። ሎሜ ለእኛ ከፍ ያለ ጥቅም ሰጥታናለች፤ በ2008 ዓ.ም. ከሎሜ በቀጥታ ወደ ኒውዋርክ መብረር የተቻለው የቶጎ መንግሥት መብቱን ስለሰጠን ነው። በሰው መደብ ላይ ተቀምጠን ስንነግድ የመደቡ ባለቤት ምን ያገኛል ብሎ መጠየቅ የእኛው ግዴታ ነው።

ናይጄሪያውያን ይህን ጥያቄ ሳንጠይቃቸው ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሊቋቋም ከታሰበው ናይጄሪያ ኤር 49 በመቶው ለኢትዮጵያ አየር መንገድ እንዲሰጥ ሲታቀድ፣ የአገሩ የግል አየር መንገዶች ገበያችን ይወሰድብናል ብለው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ። የከሳሾቹ የግል ጥቅም በነገሩ ውስጥ መኖሩ ግልጽ ነው። ቢሆንም አቤቱታቸውን በቅናት ብቻ ተርጉሞ ማለፍ፣ በ1923 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክን ውል ያፈረስነውን እኛን አያምርብንም።

በጥር 2010 ዓ.ም. በዚችው በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ፣ 23 አገሮች አንድ የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ለመክፈት ተስማምተዋል። የያሙሱክሮ ውሳኔ ከወጣ ያኔ 18 ዓመት አልፎት ነበር። ብዙዎቹ መንግሥታት ዛሬም በራቸውን በከፊል ዘግተው የያዙት፣ ሰማዩ ሲከፈት ገብቶ የሚነግደው ባለ ብዙ አውሮፕላኑ ነው ከሚል ሥጋት ነው። ባለ ብዙ አውሮፕላኑ ደግሞ እኛ ነን። ይህን ሥጋት በመግለጫ ማስወገድ አይቻልም። ሊያስወግደው የሚችለው እ.ኤ.አ. በ1953 ለእኛ የተጻፈልን ዓይነት አንቀጽ ነው፤ ይኸውም የሎሜው፣ የሊሎንግዌው ካፒቴንና መካኒክ መቼ ሥራውን እንደሚረከብ በውሉ ላይ ቀን ተቆርጦ መስፈሩ። አስካይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎቹ ከአዲስ አበባ ሲላኩ ቆይተዋል። ከመጀመሪያው የካይሮ በረራ እስከ ኮሎኔል ስምረት ሹመት የነበረው ጊዜ 25 ዓመት ነው። ያንኑ ልክ ለአስካይ ብንቆጥርለት ቀኑ በ2027 ዓ.ም. ላይ ይውላል።