ፋብሪካው ተወረሰ፤ ሠራተኛውስ?

የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጥያቄ ሜይ ዴይ በመጣ ቁጥር ይነሳል። አዲስ ጥያቄ ግን አይደለም፤ ሥሩ ከአብዮቱ ዋዜማ ጀምሮ ይመጣል።

በንጉሡ ዘመን ብዙው መሬት በዘውዱ፣ በመኳንንቱና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ትልልቅ ፋብሪካዎች ደግሞ ባብዛኛው የውጭ ባለሀብት ይዟቸው ነበር። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ብንወስድ፣ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች. ቪ. ኤ. ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። አገዳውን የሚቆርጡት ከከምባታና ከሐዲያ እየመጡ ወቅቱ ሲያልቅ የሚሰናበቱ ወቅታዊ ሠራተኞች ነበሩ።

በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) የካቲት 28 ቀን 1966 አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። የአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር የልጅ እንዳልካቸው መኮንን ካቢኔ ከተሾመ ገና ሳምንቱ ነበር። አድማው 4 ቀን ዘልቆ በስምምነት አበቃ። ሠራተኛው የጠየቀው ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ የመደራጀት መብትም ጠይቋል። ይህኛው ጥያቄ በኋላ የሆነውን ሁሉ ይፈታልናል ብዬ አምናለሁ።

ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊው ደርግ በ1967 ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን፣ ጥር 26 ቀን 72 ድርጅቶችን፣ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። የመሬቱ አዋጅ ገበሬውን ከጭሰኝነት አውጥቶታል፤ ይህን መካድ በደል ነው። ፋብሪካው ውስጥ ግን የተለወጠው አሠሪው ነው። በመስከረም 1968 ኢሠአማ የፕሬስና የመሰብሰብ ነፃነት፣ እንዲሁም ሕዝባዊ መንግሥት ጠየቀ። የማኅበሩን ወረቀት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲበትኑ በተገኙ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩስ ከፈቱ፤ ሰው ሞተ። ወዲያው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማኅበሩም በዚያው ዓመት ፈረሰ። በ1969 በምትኩ የተቋቋመው የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) መንግሥት ያቆመው ስለነበር፣ ከአባላቱ መብት ይልቅ ምርት ማሳደግና ዲሲፕሊን ማስጠበቅ ዋና ሥራው ሆነ። ሀብት ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ለሠራተኛው ድምፅ ካልተሰጠው፣ ለእኔ የተለወጠው ጌታው ብቻ ነው።

ደርግ ወድቆ ሥርዓቱ ሲለወጥ የውጭ ባለሀብት ተመለሰ። በ2011 በወጣ አንድ ጥናት መሠረት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ ስለማይበቃ ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራውን ጥለው ሄደዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ግን ከዓመታት በኋላም በግሉ ዘርፍ ወለሉ እንዲወሰን ሲወተውት ኖሯል።