«ነገ ነይ» የሚባለው እምቢታ

ስለ ጽንስ ማቋረጥ ሲወራ ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ሐኪም ነው። በኢትዮጵያ ግን ሥራው ከሐኪሙ እጅ ከወጣ ሰነበተ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከውርጃ ጋር ከተያያዘው አገልግሎት ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች የሚሰጡት 48 በመቶውን ያህል ነበር፤ በ2014 ድርሻቸው 83 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ ነርሶች ስለ ውርጃ ምን ያስባሉ የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር የሻይ ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። ሕግ የፈቀደውን አገልግሎት አንዲት ሴት በቶሎ ታግኝ ወይስ ትመላለስ፣ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በአንዲት ነርስ ፊት ነው።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ በሩን ሰፋ አደረገው። ውርጃን ወንጀል ማለቱን አልተወም፤ በአንቀጽ 551 ግን ከመደፈር ወይም ከዘመድ የመጣ እርግዝናን፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና፣ ወይም የጽንሱን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥልን፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር ማቋረጥን ፈቀደ። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ለተደፈረችው ሴት ቃሏ ይበቃል አለ፤ የፖሊስ ማስረጃ አያስፈልጋትም።

እኔ እንደሚመስለኝ የነርሶቹ ጭንቅ ከማቋረጫው መሣሪያ ይልቅ እዚህ ቃል ላይ ነው። «ቃሏ ይበቃል» ማለት ነርሷ አትመርምሪ፣ አትፍረጂ ተባለች ማለት ነው። እሷ ግን ያደገችው ልጃገረድ ስትሳሳት ጎረቤቱ ሁሉ በሚመረምርበት ሰፈር ነው። «ዕድሜዋን ዋሽታኝ ቢሆንስ?» ትላለች፤ ልጅቷ ስለ ዕድሜዋ የሰጠችው መረጃ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ባለሙያዋ እንደማትጠየቅ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያ ቢነግራትም። ሕጉ የዳኝነቱን ሸክም ሲያወርድላት አንዳንዷ አላወርድም ብላ ይዛዋለች።

እምነቱም እንደሚታሰበው አንድ ወጥ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ድርጊቱን ታወግዛለች፤ ነርሷም ከሥራ ወጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ትሄዳለች። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ ነፍስ የሚነፋው በ120ኛው ቀን ነው የሚለው ትምህርት ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ የተለያየ ፍርድ አስከትሏል። ነርሶቹ በመካከሉ የየራሳቸውን ድንበር ያሰምራሉ። አንዷ በእጅ በሚሠራ መምጠጫ (ኤምቪኤ) ማህፀን ማጽዳቱን ትሸሽና ክኒኑን ትሰጣለች፣ «የምትውጠው እሷ ናት» ብላ። ሌላዋ ማስጀመሩን አትነካም፤ ጀምሮላት እየደማች የመጣችን ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ታስታምማለች። በደኅና መንገድ ማቋረጥ ብርቅ በነበረበት ዘመን ማህፀናቸው ተበስቶ፣ ደማቸው ተመርዞ የመጡ ልጆችን ያየች አንጋፋ ነርስ እምነቷን ሳትለውጥ ሥራውን ልትቀበል ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የኢትዮጵያ አዋላጆች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በተሞላ መጠይቅ ከመላሾቹ ከግማሽ የሚበልጡት አገልግሎቱን ለመስጠት ፈቃደኞች ነን ብለዋል። የቀሩትም ጥቂት የሚባሉ አይደሉም።

እምቢ ማለት ይቻላል ወይ ለሚለው አገሮች የሰጡት መልስ ይለያያል። የብሪታኒያው እ.ኤ.አ. የ1967 ሕግ የሕሊና ተቃውሞን ይፈቅዳል፤ ሁለት የግላስጎው አዋላጆች ባልደረቦቻችንን መመደብና መቆጣጠርም ይቅርልን ብለው ሲከራከሩ ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ተቃውሞው የሚሠራው በገዛ እጅ ለሚፈጸም ሥራ ነው ብሎ አልተቀበላቸውም። በስዊድን ውርጃ አልሠራም በማለቷ ቅጥር የተከለከለች አዋላጅ ክሷን እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አድርሳ እ.ኤ.አ. በ2020 ውድቅ ተደርጎባታል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ወደ ስዊድን አደላች፦ የወሊድ መከላከያን፣ በሕግ የተፈቀደ ጽንስ ማቋረጥን፣ ደም መስጠትንና የመሳሰሉትን በግል እምነት ሰበብ መከልከል አይቻልም ተባለ።

ይህ ክልከላ የሚይዘው አፍ አውጥታ «አልሠራም» ያለችውን ነው፤ እንዲህ ብላ የምትናገር ደግሞ ብዙ የለችም። ልጅቷ ካርድ አውጥታ እናቶች ክፍል በር ላይ ትደርሳለች፤ ለእርግዝና ክትትል የመጡት ወረፋ ይዘዋል። «ሲስተር፣ አንዴ ለብቻሽ ላናግርሽ?» ትላለች። «ምንድን ነው? እዚሁ ንገሪኛ!» ከተባለች እምቢታው ተጀምሯል። ቀጥሎ «የምትሠራው ልጅ ዛሬ የለችም፣ ነገ ነይ» ይመጣል። የሚኒስቴሩ መመሪያ አገልግሎቱ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል፤ የሚቆጥረው ግን ማን ነው? ጤና ጣቢያ የሚሠራው እስከ 12 ሳምንት ነው። በ11ኛው ሳምንት የመጣች ልጅ ሁለት ሳምንት ከተመላለሰች ጉዳይዋ የሆስፒታል ይሆንና የሪፈር ወረቀት ይዛ ትወጣለች። ማንም «ከለከልኩሽ» አላላትም፤ ማንም ደንብ ጥሷል ተብሎ አይጠየቅም።

ስለዚህ ደንቡን ማጥበቅ ብዙ የሚለውጥ አይመስለኝም። እንዲያውም እምቢታውን ይበልጥ ሊያስደብቀው ይችላል። አልችልም ያለችው በግልጽ ተናግራ፣ የምትሠራው ማን እንደሆነች መዝገብ ቤቱ ጭምር ቢያውቅ ለልጅቷ ይሻላታል። እዚህ ላይ ተቃውሞን መፍቀድ መብትን ያዳክማል የሚሉ አሉ፤ ሠራተኛ በሞላበት ከተማ ሳይሆን ሁለት አዋላጅ ብቻ ባሉበት ወረዳ ስጋታቸው እውነት ነው።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ። የሠለጠነችዋና እሺ ያለችው ነርስ የሁሉም ሥራ ይወድቅባታል፤ ባልደረቦቿ ተረኛዋን ሁሉ ወደ እሷ ይልካሉ፣ ዞር ብለው ደግሞ ያሟታል። ዓመት ፈቃድ ስትወጣ ወይም ወደ ሌላ ጣቢያ ስትዛወር ክፍሉ ይቆለፋል። የጣቢያው ሪፖርት ላይ ግን አገልግሎቱ «አለ» ተብሎ ይቀጥላል።