ማስጠንቀቂያን ማጥፋት ወይስ ማንበብ? በታመነ ኔትዎርክ ላይ ስለሚደረግ የፋይል ዝውውር



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ በየቢሮአችን የሚያጋጥም፣ ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ከክፍላችን ሰርቨር ፋይል ስንገለብጥ ወይም ስንከፍት የማስጠንቀቂያ መስኮት ይወጣል። «ኔትዎርኩ የራሳችን ነው፤ ምን ያስፈራል?» እንልና ሳናነብ «እሺ» የሚለውን እንጫናለን። እኔም የተማሪዎቼን የመመረቂያ ጽሑፎች ስገለብጥ ለዓመታት እንዲሁ አድርጌአለሁ። ለመሆኑ ማስጠንቀቂያው የሚጠይቀን ስለ ኔትዎርኩ ነውን? ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ነው። ዊንዶውስ የፋይል ምንጮችን በቀጠና ይመድባል፤ የውስጥ ኔትዎርክ ቁጥር 1፣ ኢንተርኔት ደግሞ ቁጥር 3 ነው። ሰርቨሩን ነጥብ በሌለው አጭር ስሙ ስንጠራው አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ አድርጎ ይቀበለዋል። በአይፒ አድራሻው ወይም ነጥብ ባለበት ሙሉ ስሙ ስንጠራው ግን ከኢንተርኔት እንደመጣ ሊቆጥረው ይችላል። ማሽኑ ያው፣ ገመዱም ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠው አጠራራችን ብቻ ነው። መፍትሔው ማስጠንቀቂያውን በጠቅላላ ማጥፋት አይደለም፤ የኔትዎርክ ኃላፊው የዚያን ሰርቨር ስም ብቻ በውስጥ ቀጠና እንዲመዘግብ ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ ልዩነቱን እናስተውል። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል የመጣበትን ቀጠና የሚገልጽ ስውር ምልክት ይለጠፍበታል፤ ፋይሉ ወደ ክፍሉ ሰርቨር ሲገለበጥም ምልክቱ አብሮት ሊሄድ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ፋይሉ ትውልድ ነው። መንገዱ ንጹሕ መሆኑ ጭነቱን ንጹሕ አያደርገውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ኤስኤስኤች የተባለው ፕሮቶኮል ነው። ታቱ ኢሎነን በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሠራው፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኔትዎርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነበር። እንግዲህ መነሻው ራሱ የታመነ የዩኒቨርሲቲ ኔትዎርክ መሆኑን ልብ ይሏል። ኤስኤስኤች ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን ቁልፍ አሻራ ያሳየናል፤ ከተቀበልነው ይመዘግበዋል። በሌላ ቀን ቁልፉ ተለውጦ ቢያገኘው አጥብቆ ያስጠነቅቃል።

ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ወይ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኗል፣ ወይ በመካከላችን ሌላ ሰው ገብቷል። መስኮቱ የትኛው እንደሆነ ሊነግረን አይችልም። ብዙዎቻችን የቀድሞውን ቁልፍ ሰርዘን እንቀጥላለን፤ ይህ ማስረጃውን አጥፍቶ ፍርድ እንደ መስጠት ነው። ትክክለኛው ሥርዓት አስቀድሞ ለኃላፊው ስልክ ደውሎ አሻራውን ማመሳከር፣ ከዚያም መተካት ነው። ኃላፊዎችም ሰርቨሩን እንደ አዲስ ሲጭኑ የቀድሞውን ቁልፍ ቢመልሱት ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልተፈጠረ ነበር።

«የውስጥ ኔትዎርክ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ግንቦት 2009 ዓ.ም. አስተምሮናል። ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ማስተካከያ ባወጣለት የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል ስሕተት ተጠቅሞ፣ ማንም ምንም ሳይጫን ከማሽን ወደ ማሽን ተዛመተ። የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ታወከ። በአንድ ኔትዎርክ ውስጥ ያለን ሁሉ የምንታመነው እንደ ደካማው ማሽናችን መጠን ነው።

«ማስጠንቀቂያው በዛ፤ ሰለቸን» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። በከንቱ «ጅብ መጣ!» እያለ የሚጮኸውን እረኛ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ጅቡ በእርግጥ በመጣ ቀን ግን በጎቹን የምናጣው እኛው ነን። ስለዚህ ከንቱውን ጩኸት ከምንጩ ማስቆም የኃላፊዎች ድርሻ ሲሆን፣ የቀረውን ማድመጥ የእኛ ድርሻ ነው።

ለማጠቃለል፣ መስኮቱ ሲወጣ ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ የምነጋገረው በእርግጥ ከማን ጋር ነው? ፋይሉ መጀመሪያ ከየት መጣ? ሳይለወጥስ ደርሷልን? «ኔትዎርኩ የራሳችን ነው» የሚለው መልስ ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም።