ተነሥቶ የሚወድቅ ኮምፒዩተር

ነገ ጧት ለአለቃዎ የሚያቀርቡት ሪፖርት ወይም ለመምህርዎ የሚያስረክቡት ጽሑፍ በኮምፒዩተርዎ ውስጥ አለ እንበል። ማታ ከእራት በኋላ ማስነሻውን ይጫናሉ። የፋብሪካው ምልክት ብቅ ይላል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ወዲያው ያው ምልክት እንደ ገና ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ፥ ዐሥር ጊዜ። ወፌ ቆመች እንደሚሉት ሕፃን፥ ይነሣና ይወድቃል።

ይህ ነገር በአንድ ወዳጄ ላይ ደረሰ። በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን ማታ ማታ ይማራል። ኮምፒዩተሩ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዐይነት የተጫነበት ነው። ወደ ጥገና ቤት ወስዶ ቢያሳይ፥ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ይጥፋና እንደ ገና ይጫን» አለው። በውስጡ ግን 90 ገጽ ያህል የመመረቂያ ጽሑፍ ነበረ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘንድ መጣና «ጋሼ፥ አለቀልኝ ማለት ነው?» አለኝ።

አላለቀለትም ነበር። «ይጥፋና ይጫን» የሚለውንም ምክር እርስዎ ቶሎ አይቀበሉ። ሰነድዎ ያለው በዲስኩ ላይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ ማለት ሰነዱ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰነዱን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ጥድፊያው ነው።

እንግዲህ ኮምፒዩተር ሲነሣ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ጧት መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚከፈት ያውቃሉ። በመጀመሪያ ዘበኛው በሩን ይከፍታል፤ ይኸውም በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፕሮግራም ነው፤ የፋብሪካውን ምልክት የሚያሳየው እርሱ ነው። ቀጥሎ ቁልፍ ያዡ ይመጣል፤ ስሙ ግራብ ይባላል፤ ሥራው ከርነሉን ፈልጎ ማስገባት ነው። ከርነል ማለት የሥርዓቱ አስኳል፥ የቢሮው አለቃ ማለት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገና በ21 ዓመቱ፥ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ይህንኑ አስኳል ነበር። አለቃው ከገባ በኋላ ዲስኩን ይረከባል፤ ሠራተኞቹንም በየተራ ይጠራል፤ በመጨረሻ ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን የሚጠይቀው ገጽ ይቀርባል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚወድቀው የት ላይ ነው?» የሚል ነው። እጅዎን ሰብስበው፥ ሰዓት ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ይመልከቱ። ግራብ ገና ሳይመጣ የሚወድቅ ከሆነ ሊኑክስን አይክሰሱት፤ ገና ከበሩ አልገባምና። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፕሮግራሙ ያደላል። አንዴ እዚህ፥ አንዴ እዚያ የሚወድቅ እንደ ሆነ ግን ኤሌክትሪኩን፥ ሙቀቱን ወይም ሚሞሪውን ይጠርጥሩ። ይህ ሕግ አይደለም፤ ግን ብዙ ድካም ያተርፋል።

የወዳጄ ኮምፒዩተር ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፥ ስክሪኑ ሥዕል ሊያወጣ ሲል ይወድቅ ነበር። ልክ የፋብሪካው ምልክት ሲያልፍ «ኤስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንሁ። (አሮጌ ኮምፒዩተር ከሆነ «ሺፍት»ን ተጭኖ መያዝ ነው።) የግራብ ዝርዝር ወጣ። «ተጨማሪ ምርጫዎች» የሚለውን ስከፍት ሁለት ከርነሎች ተደርድረዋል፤ ላይኛው አዲስ፥ ታችኛው አሮጌ። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን ወዲያው አይጥልም፤ ከመልካም ጠባዮቹ አንዱ ይህ ነው። አሮጌውን መረጥሁ። አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ብሎ ተነሣ፤ ወዳጄም ከወንበሩ ተነሣ። ከሁሉ በፊት ያደረግነው 90ውን ገጽ በፍላሽ መገልበጥ ነበር። ሰበቡ በኋላ ታወቀ፤ በዋዜማው አዲስ ከርነል ተጭኖ ነበርና ከስክሪን ካርዱ ድራይቨር ጋር አልተስማማም። ድራይቨሩን አውጥተን በሚስማማው ተካነው።

አሮጌውም ከርነል ቢወድቅስ? በግራብ ዝርዝር ላይ ሳሉ «ኢ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ይጫኑ። የሚመጣው ጽሑፍ አያስደንግጥዎ። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ይፈልጉና በመጨረሻው «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት ካሉ ይሰርዙአቸው፤ እነዚህ «ዝም በል፥ ሥዕል ብቻ አሳይ» የሚሉ ትእዛዞች ናቸው። በምትካቸው «ፓኒክ=0» ብለው በላቲን ይጻፉ፤ አስኳሉ ሲደነግጥ ራሱን እንዳያስነሣና በቦታው ቆሞ ምክንያቱን እንዲያሳይ ያደርገዋል። ሥዕል ሲመጣ የሚወድቅ ከሆነ «ኖሞድሴት» የሚለውንም ይጨምሩ። ከዚያ «ኤፍ 10»ን ይጫኑ። ለውጡ ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ አይፍሩ። ቃላቱ እንደ ጎርፍ ሲወርዱ በስልክዎ ቪድዮ ይቅረጹ፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ብዙ ጊዜ ወንጀለኛውን በስሙ ይጠሩታል። «ዋናውን ዲስክ ማግኘት አልቻልሁም» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ካዩ፥ ምናልባት ከርነል በሚጫንበት ሰዓት መብራት ሄዶ ሥራው በመካከል ተቋርጦ፥ ወይም የማስነሻው ክፍል ሞልቶ ይሆናል። በእኛ አገር የመጀመሪያው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሊኑክስ የተጫነበት ማስነሻ ፍላሽ ካለዎት ደግሞ ትልቅ ዳኛ አለዎት ማለት ነው። ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ያስነሡት፤ «ሳትጭን ሞክር» የሚለውን ይምረጡ። በሰላም ከተነሣ ዲስክዎን ከፍተው ሰነድዎን መገልበጥ ይችላሉ። ከፍላሹም ሲነሣ እየወደቀ ካስቸገረ፥ ጥፋቱ በብረቱ መሆኑ እየተገለጠ ሄደ። ገመዱን ነቅለው፥ ሚሞሪው ሁለት ከሆነ አንዱን አውጥተው በአንዱ ይሞክሩ፤ ቀጥሎ ያፈራርቁ።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሦስት ምሽት ሙሉ ሊኑክስን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ጧት ሲበርድ ጥቂት ደቂቃ ይቆይልኛል፤ ደጋግሜ ሳስነሣው ግን ዕድሜው እያጠረ ይሄዳል። ይህን ያህል ግልጽ ምልክት እያየሁ ከርነል ስቀያይር ማምሸቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሣጥኑን ብከፍተው ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ የሱፍ ባርኔጣ መስሏል። በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት፤ በአንጎሉና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውንም ቅባት በአዲስ ተካሁት። ከዚያ ወዲህ አልወደቀም።

ኮምፒዩተሩ ከተነሣልዎ በኋላ መዝገቡን ማየት አይርሱ። «ጆርናልሲቲኤል» የሚለው ትእዛዝ ያለፈውን መነሣት ታሪክ ይነግርዎታል። መዝገቡ በስሕተት መልእክት ላይ ከቆመ መልእክቱን ይከተሉ። ምንም ሳይል በመካከል ከተቆረጠ ግን ኀይሉ ድንገት ተቋርጦበት ሊሆን ይችላልና ወደ ገመዱና ወደ ማራገቢያው ይመለሱ። እጅግ ቀደም ብሎ የወደቀ እንደ ሆነ መዝገብ ለመጻፍም ጊዜ አላገኘም፤ ያን ጊዜ በስልክ የቀረጹት ይጠቅምዎታል።

ወዳጄ ጽሑፉን በቀኑ አስረክቧል። አሁን ሦስት ፍላሽ አለው፤ አንደኛው በቢሮው መሳቢያ፥ ሁለተኛው በኪሱ፥ ሦስተኛው በእናቱ ሣጥን ውስጥ፥ ከጥምቀት ልብሳቸው ጋር ነው።